ለክፉ ቀን የተቆለፈው ስዊች

ይድረስ ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ብርሃነሽ
ደሴ

እንደምን ከርመዋል? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ባለቤትዎን ጋሽ ካሳሁንን ሳሉ ለቀቃቸው ወይስ እንደ አምናው እስከ መስቀል ሊያሰቃያቸው ነው? እኛ፣ ባለቤቴ እታፈራሁም ጭምር፣ አምላክ ይመስገን በአካል ደኅና ነን። የልቤ ነገር ግን ሌላ ነው። በስልክ ጀምሬው መስመሩ ስለተቆራረጠ፣ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላስረዳዎ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የልጃችን የጽጌሬዳ ነው። እርስዎ ዘንድ ሆና አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው ልጅ በቅርቡ እዚህ አንድ ኮሌጅ ተቀጥራለች፤ የኮምፒውተር ክፍሉም ሥራ ሁሉ በእሷ ላይ ወድቋል። ኮሌጁ የተማሪዎቹን ውጤት አዲስ ወደተገዙ ሰርቨሮች፣ ማለት ሌሎቹን ወደሚያገለግሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ እያዛወረ ነው። ውጤቱ ራሱ የሚቀመጠው ግን ለብቻው በቆመ የጋራ ማከማቻ ነው። ሰርቨሮቹንና ማከማቻውን የሚያገናኘው ስዊች የሚሉት ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ ኬብሉ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። እንደ መናኸሪያ ይቁጠሩት።

ስዊቹ የተገዛው ሁለት ነው። እያንዳንዱ ሰርቨርም ኬብል የሚሰካባቸው ሁለት ካርዶች አሉት፤ አዳፕተር ይሏቸዋል። አንዱ ወደ አንደኛው ስዊች፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ከዚያም የትኛው ሰርቨር የትኛውን የማከማቻ ክፍል ማየት እንደሚፈቀድለት በሁለቱም ስዊቾች ላይ በየአዳፕተሩ መለያ ይጻፋል። መለያው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ነው፤ አንዷ ከተሳሳተች ሰርቨሩ ማከማቻውን አያየውም። ይህ ሁሉ ልፋት አንዱ ስዊች ቢበላሽ ሥራው በሌላው መንገድ እንዲቀጥል ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ዕቃ በሚቃጠልበት ከተማችን ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከአስተዳዳሪው ከአቶ ሙሉጌታ ነው። እኔ ሳስተምር ርእሰ መምህሬ ነበሩ። ሌባ አይደሉም፣ ክፉም አይደሉም፤ ግን አዲስ ዕቃ ሲያዩ እጃቸው ቁልፍ ይፈልጋል። ያኔ የተሰጠንን ማይክሮስኮፕ ከነላስቲኩ ቆልፈውበት ልጆቹ የሽንኩርት ልጣጭን በሥዕል ብቻ አይተው ተፈተኑ። አሁንም ሁለተኛውን ስዊች ከነካርቶኑ ግምጃ ቤት አስገቡትና «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አሉ። ብትለምናቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ስላለሽ አራት እግር አበቀልሽ?» ብለው በሰው ፊት አሳቁባት።

እሷም፣ «ክፉ ቀን ቀጠሮ ይዞ አይመጣም፤ ቁልፉ እስኪገኝ ውጤቱ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ያውጡልኝና በዓይንዎ ይዩት» አለቻቸው። ብዙ አንገራግረው አወጡላት፤ እሷም ገጥማ መለያዎቹን ሁሉ ጻፈችበት።

ትናንት ቅዳሜ፣ እሳቸውና መምህራኑ ቆመው እያዩ፣ የሬጅስትራር ሠራተኞች ውጤት በማስገባት ላይ ሳሉ፣ የአንደኛውን ስዊች የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለችው። እኔ ቤት ሆኜ እህል አልወረደልኝም። የራሱን ወረቀት የሚያርም ተማሪ ስሕተቱን እንደማያይ ዕድሜዬን ሁሉ ሳስተምር ያየሁት ነው፤ የእሷን ደግሞ የሚያርምላት የለም። ሥራው ግን ለአፍታ ዘግየት ብሎ ቀጠለ። መምህራኑ አጨበጨቡ።

አቶ ሙሉጌታ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይኸው! ባንዱም ይሠራል ማለት ነዋ! በይ ያኛውን ወደ ግምጃ ቤት መልሺ!»

እታፈራሁ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። እኔ የልጄን ፊት አይቼ ሳቁ ጠፋብኝ። ለካ እዚያው፣ «ጋሼ፣ ባንዱ የሠራው ሁለተኛው ስላለ ነው። አልመልስም። መቆለፍ ካለብዎ እኔን ይቆልፉኝ» ብላቸው ኖሯል። ፊታቸው ተለዋውጦ ወጡ። ጉዳዩም ለዓርብ ስብሰባ ተቀጠረ።

የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች በአንድ ቃል ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ብትሰናበት ስዊቹ ተመልሶ ይቆለፋል፤ በዚህ መብረቅ አንድ ቀን የቀረው ቢቃጠል፣ ከቱላና ከቡሹሎ በእግሩ የሚመጣው ተማሪ ውጤቱን ከማን ይጠይቃል? አንዱን ሐሳብ ሳባርር ሌላው ይተካል። ከአቶ ሙሉጌታ ጋር አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር አብረን እንንሸራሸራለን፤ «እኔ ላነጋግራቸው?» ብላት፣ «አባዬ፣ በአንተ ጓደኝነት ካለፈልኝ ሥራዬ ትክክል መሆኑን ማን ያምናል?» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ዛሬ እግሬን አሞኛል ብዬ ከሽርሽሩ ቀረሁ። የባሰ ነው፤ ቤት ውስጥ ስዞር እታፈራሁ «ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው» እያለችኝ ነው።

ለጋሽ ካሳሁን የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ማር በሎሚ አይርሱ ይበሉልኝ። ትንሹ ፍፁምስ ፈተናው እንዴት ሆነለት? ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን ወይዘሮ ብርቱካንንም እንደምን አሉ ይበሉልኝ። እታፈራሁ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልዎታለች።

ይህን ነገ ወደ እናንተ በሚሳፈር ሰው እጅ የምልከው ከሐሙስ በፊት እንዲደርስዎ ብዬ ነው። ሐሙስ ማታ ጽጌሬዳ ትደውልልዎታለች፤ ምክር ስትፈልግ ከእኔ ይልቅ ወደ እርስዎ ነው የምትሮጠው። እትዬ፣ እባክዎ እንደ ልማድዎ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሺ በያቸው» እንዳይሏት። እሺ ማለቱን እርስዎም እኔም አስተምረናታል። ይህችን እምቢታ ግን ከራሷ ነው ያገኘቻት፤ አይውሰዱባት።

ወንድምዎ ሸዋንግዛው
ሐዋሳ፣ እሑድ ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.