ማር ከነሰሙ

ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አበልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ? ልጆችዎስ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። የክርስትና ልጅዎ ስጦታውም ተሽሎት ዛሬ ከጥጃዋ ጋር ሲሯሯጥ ዋለ።

«እርስዎ» የምልህ እዚህ ድረስ ነው። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢከፍተው፣ ሰላምታውን አይቶ የገጠር ሰው የምስጋና ወረቀት ነው ብሎ እንዲያጥፈው ያህል ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአንተ ነው፤ ለአንተ ደግሞ አንቱታ ይበዛብሃል። እስከ ዛሬም አንቱ ያልኩህ ለሰው ጆሮ ነበር። አንተም የምትኖረው ለሰው ዓይን ስለሆነ ተስማምቶህ ቆየ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለዘጋህብኝ ነው። ብላክ ማድረግ ይሉታል አሉ። በደወልኩ ቁጥር አንዲት ሴት የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም እያለች በትሕትና ትመልስልኛለች። ከአንተ እሷ ትሻላለች፤ ቢያንስ አትዋሽም። ወረቀት ግን ብላክ አይደረግምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዚያን ማታውን ነገር ግማሹን ታውቀዋለህ። ግማሹ ላይ ነድተህ ስለሄድክ የቀረውን ልንገርህ።

ስጦታው ጥር 17 ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። ደረቱ ያፏጫል፣ ጎድኑ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ባለቤቴ ይግዛው አዝሎት እስከ መኪና መንገድ ወረድንና ጎሕ ሲቀድ ባገኘነው መኪና ቢቸና ሆስፒታል ገባን። አስም ነው አሉን። እዚያ ያሉት ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በተለይ ሰብለ ወንጌል የምትባለው ነርስ እንደ እኅት ሆነችልኝ። ፓፍ የሚሉትን የሚነፋ መድኃኒት ሰጠችን። ልጅ ብቻውን ስቦ ማስገባት ስለማይችል፣ የውኃ ሃይላንድ ቂጡን ትበሳና መድኃኒቱን እዚያ ትሰካለህ፤ ልጁ በአፉ በኩል አሥር ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ ደጋግማ አሳየችኝ። ደረቱን ልታዳምጥ ስትል ለክርስትናው ያሰርክለትን መስቀል አወለቀችው። ወርቅ ነው ብለህ በሰው ፊት ያነሣኸው ያ መስቀል አንገቱን ዙሪያውን አረንጓዴ አድርጎታል። ምንድን ነው የነካው ብላ ስትጠይቀኝ፣ የክርስትና አባቱ ስጦታ ነው አልኳት። በአልኮል ጠራረገችለት።

ሐኪሙ ደግሞ ይግዛውን፣ በእርስዎ ወገን እንዲህ ያለ የደረት ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ይግዛው ደረቱን ነፍቶ፣ በእኛ ዘር እንኳን አስም ሳልም የለም፤ አያቴ በዘጠና ዓመታቸው ዳገት ወጥተው ያስቀድሱ ነበር አለ። ሐኪሙ «የለም» ብሎ ጻፈ። ወደ እኔም ዞሮ ጠየቀኝ። በእኔም ወገን የለም አልኩ፤ እውነቴን ነው። በቤተሰብ ያለበት ሰው ከተገኘ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረው፣ ምን እንደሚያስነሣበት፣ መቼ እንደ ተሻለው ማወቁ ለሕክምናው ይረዳናል፤ በቀጠሯችሁ ቀን አስባችሁ ኑ አለን። እኔ ጫማዬን አየሁ። ይግዛው እኔን አየኝና፣ በሬዎቹ ውኃ አልጠጡም ብሎ ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተሽሎታል ብለው አሰናበቱን። አልጋው ለሌላ ልጅ ተፈለገ። አላዘንኩባቸውም፤ ያም ልጅ እንደኔው ልጅ ያጣጥር ነበር። መናኸሪያ ስደርስ የመጨረሻው ሚኒባስ ከሄደ ቆይቷል። ቢቸና ውስጥ ከአንተ በቀር የማውቀው ሰው የለኝም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩልህ።

የመለስክልኝን ታስታውሳለህ? በሹክሹክታ፣ ሞጣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፣ እግዚአብሔር ይማረው አልከኝ። ስብሰባው መሐል በግ ሲጮህ ይሰማኛል። ስለ እንስሳት ሀብት የሚመክሩ ቢሆን ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እኛን ያነሣን ይታያል የሚባል የኢሱዙ ሹፌር ነው። ቢራ ጭኖ ወደ ሞጣ ይሄዳል። አንተ በየሰንበቴው ቆመህ የምታወግዘው ዓይነት ሰው ነው፤ ጫት ይቅማል፣ አፉም መልካም አይደለም። ልጁን አየውና ምንም ሳይጠይቅ ረዳቱን ከጋቢና አስወርዶ ሳጥኖቹ ላይ ሰቀለው፤ እኛን ጋቢና አስገባን። መስኮቱን ዘጋ፣ ሲጋራውንም ጣለ። ሒሳብ ስለው ልጁን ያዢ ብሎ ተቆጣኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን፣ አስፋልቱ ተቆፍሮ አፈር የሆነበት ቦታ ላይ ጎማ ፈነዳ። እነሱ ክሪክ አስገብተው ሲታገሉ እኔ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ብርዱ የጥር ብርድ ነው። ያን ጊዜ ነው የመኪናህ መብራት ከበስተጀርባችን የመጣው። ከቢቸና በኩል ማለቴ ነው። ከሞጣ የሚመለስ ሰው ፊት ለፊታችን ይመጣል፤ ይህን ለማወቅ የአንተን ያህል መማር አያስፈልግም።

ይታያል በስልኩ መብራት እያውለበለበ ምልክት ሰጠህ። ፍጥነት ቀንሰህ ቆምክ። መስኮትህን እስከ ግማሽ አወረድክ። በሩ ላይ «ለመስክ ሥራ ብቻ» ተብሎ የተጻፈበትን የመንግሥት ፒክአፕ የማላውቀው መስሎህ ነው? ባለቤትህ ነጭ ለብሳ ከጎንህ ነበረች፤ ከኋላ ሁለት ሙክት ብርድ እንዳይመታቸው ሸራ ለብሰዋል። ስብሰባተኞቹ እነሱ ናቸው ማለት ነው። ስጦታው መብራትህ ውስጥ ቆሞ የክርስትና አባቴ ብሎ ጮኸ፣ እጁንም አነሣልህ። አየኸው። እኔንም አየኸኝ። መስኮቱን ዘጋህና ነዳህ።

ባለቤትህ ጎንህ ሆና የዚያን ልጅ ፊት በመብራት ስታየው ምን እንደምታስተውል ፈርተህ ነው፤ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግንባሩን ሲቋጥር ማንን እንደሚመስል እኔም አያለሁ። ግን ፍርሃትህን እንደ ምክንያት አልቆጥርልህም። ሰው ፈርቶ ይዋሻል፣ ፈርቶ ይሸሻል፤ ፈርቶ ሙክት አሳፍሮ ልጅ ጥሎ የሚሄድ ግን አንተን አየሁ።

ልጁ ምን አለኝ መሰለህ? እማ፣ መብራቱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው ያላየን አለኝ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ለአንተ ሰበብ ፈለገልህ። ወዲያው አቧራህ ደረሰበትና ሳል ጀመረው። ደረቱ እንደገና ማፏጨት ያዘ። መድኃኒቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ሰብለ ወንጌል በስታ ያዘጋጀችው ሃይላንድ ግን የለም። አልጋው ሥር ረስቼዋለሁ። በቀጥታ አፉ ላይ ብነፋለት ምላሱ ላይ ቀረ። ልጄ እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም።

ይታያል በቅባት እጁ የሚጠጣውን ውኃ ደፋና ሃይላንዱን ይዞልኝ መጣ። በጩቤ ቂጡን በሳው፣ መድኃኒቱን ሰካሁት፣ ልጁ አፉ ውስጥ አስገባው። ይታያል ፊቱ ተንበርክኮ ትንፋሹን ቆጠረለት። አንድ በል ጎበዝ፣ ሁለት በል አንበሳው፣ እያለ እስከ አሥር። ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ አሥር ሲሞላ የከንፈሩ መልክ ተመለሰ። የሹፌሩ ጥርስ በጫት አረንጓዴ ነው፤ ያንተ ወርቅም በላብ አረንጓዴ ሆኗል። የትኛው ይበልጥ እንደ ቆሸሸ እኔ አልፈርድም።

መገንጠያው ጋ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ይግዛው ባትሪ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። መሰናበታችንን በስልክ ሰምቶ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያየ ነበር። የአንተም በፊቱ አልፏል። ልጁን ተቀብሎ በጀርባው አዘለው፤ ዳገቱን ሁሉ አንድም ጊዜ አላሳረፈውም። ቤት ሲገባ እግሩን በመዳፎቹ መሐል ይዞ እስኪሞቅለት አሸው። አበልጃችንን አልነገርሻቸውም ወይ ሲለኝ ስልካቸው አልሠራም አልኩት። አንተን ለማዳን አይደለም። እሱን ማሳፈር ስላልፈለግሁ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር እንደነበሩ ታውቃለህ፤ ደብረ ወርቅ ሳለህ ከአንተ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ስገባ የእሳቸውን ስም ጠርተህ ነበር ያወደስከኝ። ከእሳቸው አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ቃልን ሰንጥቆ ማየት። አበልጅ ሲገጥም ዘመድ ነው። ሲነጠል ግን አበ ልጅ ነው። ይግዛው መተማ ሰሊጥ አረም በሄደበት ክረምት ደጄ ስትመላለስ ያየህ ጎረቤት ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሮ ነበር። ክርስትና ላንሣው ብለህ አንተው መጣህ። አበልጅ ለአበልጁ እኅት ናትና የሰው ምላስ ተሰበሰበ። ቃሉን ገጥመህ መሐሉ ውስጥ ተደበቅህ። ቄሱ ፊት ቆመህ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን እክህደከ ስትል ድምፅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። መካድ እንደሚቀናህ ያን ቀን ማወቅ ነበረብኝ። ልጁን ስጦታው ያለው ይግዛው ነው። እግዜር የሰጠኝን ወር አልቆጥርበትም አለና ስሙን አወጣ።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርህ። ገንዘብህን አልፈልግም፤ መኪናህንም ሙክት ጫንበት። ጤፍ ሲወቃ ከአውድማ ትሸሽ ነበር። ኪስህ ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ ፓፍ ከበር ኋላ ዞረህ ስትነፋ አይቼሃለሁ። እንግዲህ ሐኪሙ የጠየቀንን መልስልኝ። በስንት ዓመትህ ጀመረህ? ምን ያስነሣብሃል? አድገህ ለቀቅ ያደረገህ መቼ ነው? ስም አትጻፍ፤ ቁጥርና ቃል ብቻ ጽፈህ ይህን ደብዳቤ ላመጣልህ ለይታያል ስጠው። ቀጠሯችን የካቲት 20 ነው። አንተን ከመለመን ድንጋይ ብጎርስ ይሻለኝ ነበር፤ ግን የሚተነፍሰው ስጦታው ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ከደብዳቤው ጋር የደረሰህ ማር ከይግዛው ነው። ለይታያል አንድ ቅል ሰጠው፣ ለአንተም አንድ ቅል። ነጭ ማር ነው፣ ከነሰሙ። ለእሳቸውስ ምን ያደርጋል ብዬ ተቆጣሁ። ቅሉን አሰረና፣ ለደረት ፍቱን ነው፣ ማታ ማታ በሙቅ ውኃ ይጠጡት በያቸው አለኝ።

ስለ ደረትህ ለይግዛው አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

ብላው። የሰጠህ እያወቀ ነው። ትንፋሽህን አምላክ ያርዝመው፤ መልሱን እስክትጽፍልኝ ድረስ ያስፈልገኛል።

አበልጅህ