ኛቴኒ የምታጥፈው ቂጣ

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር
ሚያዝያ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም አዲስ አበባ ካለሽበት ቤት ይግባ። ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ብርዱስ እንዴት ነው? እዚህ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎናል፤ የባሮ ወንዝም ጎድሏል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ይኼ ሦስተኛው ነው።

የባሌ ታናሽ ወንድም ሆት ከኢታንግ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር። ባሌ፣ የልጄ የኛቴኒ አባት፣ ከሞተ ዓመት ሞላው፤ በወጋችን የወንድሙን ሚስት ሊወስድ ነው። እንቢ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ቤተ ክርስቲያን አይፈቅድልኝም አልኳቸው። ሆት ግን ምን አጎደልኩብሽ አለኝ። ምንም አላጎደለም። ወንድሙን ተሸክሞ ሆስፒታል ያመላለሰው እሱ ነው። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሚስቱ ሕፃን ታጠባለች። እንዴት ብዬ እሺ ልበለው? አሁን ሰፈሩ ኩሩ ይለኛል። ይበሉኝ።

የኛቴኒ አባት እንዴት እንደከሳ አይተሻል። ለቅሶው ላይ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን አልበላሽም። ቂም ይዤብሽ ነበር፤ ዛሬ የለኝም።

በጥር እኔም ሆስፒታል ሄድኩ። ጤና ረዳቱ በሩን ዘግቶ፣ ያው የኛቴኒ አባት በሽታ መሆኑን ነገረኝ። መድኃኒት የለኝም፣ ግን እንቁላል፣ ጎመን፣ ቦሎቄ ብይ፣ ጠዋት ሆድሽን ባዶ አታድርጊ አለኝ።

ኢታንግ ስደተኞች ካምፕ ምግብ የማበስልላት ፈረንጅ ነርስ ነበረች አይደል? ቁርሷን ታኮ ትለው ነበር። የበቆሎ ዱቄት በሞቀ ውሃ አቡክቶ፣ በመዳፍ አሳስቶ፣ ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ማገላበጥ ነው። ውስጡ እንቁላል በሽንኩርትና በቲማቲም፣ ትንሽ ጎመን፣ ቅቅል ቦሎቄ፣ ከላይ ሎሚ። ከዚያ ታጥፎ በእጅ ይበላል። እሱን ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። አፌ ቆስሎ ስላቃጠለኝ ሎሚውን ተውኩት። በኋላ ቂጣውም አልዋጥ አለኝ። ኛቴኒ ግን ወደደችው፤ ስለዚህ አሠራሩን አስተማርኳት።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ቂጣው እየተሰነጠቀ አስቸገራት። ተቆጣሁ፤ እጇን መታኋት። እማዬ፣ ለምን ትቸኩያለሽ አለችኝ። ዱቄት ጨምሬ ሰጠኋት። አሁን ዱቄቱ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ እጇ ያውቃል። ትናንት እኔ ሳልነሳ ሁለት ሠርታ አንዱን አልጋዬ ድረስ አመጣችልኝ። እያየችኝ ስለነበር ጎረስኩት። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ተፋሁት።

ሆት ሁለተኛ ሲመጣ ብቻውን ነበር። ኛቴኒ ቁርስ አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ የከሳ ክንዴን አየ፤ ከዚያ አቀረቀረ። ወንድሜም እንዲህ ነበር የጀመረው አለ። የጋብቻውን ነገር ዳግመኛ አላነሳም። ስለ ልጅቷ ግን ለመንኩት። የአባቷ ቤት ልጅ ናት፣ እህትሽ መጥታ ከወሰደቻትና ካስተማረቻት ግን አልከለክልም አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት እግሩ ላይ ወድቄያለሁ።

ስለዚህ ነይ። ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው ነይ። እኔ ቤት ማደር ከከበደሽ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ይሰጡሻል፤ ጠይቄያለሁ። ኛቴኒ እኔና አንቺ ያላገኘነውን አግኝታለች፤ ትምህርት ቤት በራሳችን ቋንቋ መጻፍ ያስተምሯታል። አማርኛዋ ግን ደካማ ነው፤ አትሳቂባት። ሸክም አትሆንብሽም፤ ቁርሷን ራሷ ትሠራለች፣ ለአንቺም ትሠራለች። አዲስ አበባ ለእረፍት ትሄጃለሽ ብያታለሁ። አንቺም እንደዚያው በያት።

ልብሷን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ጫማ ግን አልገዛሁላትም፤ እግሯ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፤ በየጊዜው አንቺ እየለካሽ ግዢላት።

እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅ። ከእኔ ዕድሜ የቀረውን በአንቺ ላይ ይጨምርልሽ።

ታናሽ እህትሽ