ሾርባው ውስጥ የጨመርከው ዱቄት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

መልእክትህን አክስታችን አድርሳልኛለች። «ይቅርታ ትጠይቅና ወደ ፀጉር ቤቱ ትመለስ፤ ወንበሯ ባዶ ነው» ብለሃል አሉ። ይቅርታ አልጠይቅም። ንዴትህን ስለማውቀው እዚህ ላይ ወረቀቱን ልትቀድደው ትችላለህ። አትቅደደው፤ ከኩርፊያችን የሚበልጥ የምነግርህ ነገር አለኝ።

እናታችን ስትሞት ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ይህን የካደች ምላሷ ይድረቅ። መቀስ አያያዝ ያስተማርከኝ፣ «ሴት ልጅ የወንድ ጢም ትላጫለች እንዴ?» ያሉህን ሁሉ አፍ ያስያዝክልኝ አንተ ነህ። የፀጉር ቤታችን ፈተና ፊኛ ነበር። ነፍተህ፣ አረፋ ቀብተህ ምላጭ ትሰጠኛለህ፤ ሳይፈነዳ አረፋውን ከላጨሁ የሰው ፊት ለመንካት ይፈቀድልኛል። አንድም ፊኛ አላፈነዳሁም ነበር።

ከዚያ ዓይኔ መርገብገብ ጀመረ። «እንግዳ ሊመጣብን ነው» ብለህ ሳቅክ። እንግዳው አልመጣም፤ መርገብገቡ ግን ወደ ባቴ ወረደ፣ ከዚያም አውራ ጣቴ ላይ ወጣ። ቆዳዬ ስር ጉንዳን የሚሄድ ይመስል ጡንቻዬ በራሱ ጊዜ ይዘላል። ሆዴ ይነፋል፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። አንተ «አልበላ ብለሽ ነው» እያልክ ዳቦውን በወፍራሙ ትቆርስልኛለህ። እኔም እበላለሁ፤ በበላሁ ቁጥርም እከሳለሁ።

አንድ ቀን ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ፊኛ ነፋህ። አውራ ጣቴ አንዴ ዘለለ፤ ፊኛው ፈነዳና አረፋው መስታወቱን አለበሰው። ሁሉም ሳቀ። አንተ ግን አልሳቅክም፤ ምላጩን ከእጄ ወስደህ የሚታጠፍ ፎጣ ሰጠኸኝ። «ለራስሽ ብዬ ነው» አልክ። ያን ቀን ያጠፍኩትን ፎጣ ሁሉ በንዴት ነው ያጠፍኩት።

ሐኪሟ ጋ የሄድኩት ካንተ ተደብቄ ነው። ደሜን መረመረች፤ በጉሮሮዬ ቀጭን መሣሪያ አስገብታም ከአንጀቴ ናሙና ወሰደች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱን ስትበዪ የገዛ ሰውነትሽ ተነሥቶ አንጀትሽን ይጎዳዋል፤ የተጎዳ አንጀት ደግሞ ከምግቡ የሚፈልገውን መምጠጥ ያቅተዋል። ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚን ዲው፣ ብረቱ ሁሉ ጎድሎብሻል። ጡንቻሽ እንዲህ የሚዘለው ርቦት ነው።»

ወንድም ጋሼ፣ እዚያው አለቀስኩ። ሰነፍም ነዝናዛም አለመሆኔን የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ነው ያለቀስኩት።

ስነግርህ ምን አልክ? «እኛ ቤት በዳቦ የታመመ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጅ ሆነሽ ከእጄ ስትነጥቂኝ የት ነበር በሽታሽ?» ድስቴንና ማንኪያዬን ለየሁ። ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ምስር፣ በላዩ ላይ ሐኪሟ ያዘዘችልኝ እንክብል። ወራት ፈጀ፤ ግን ዓይኔ ረጋ፣ ባቴ ረጋ፣ አውራ ጣቴም አደብ ገዛ። ምላጩን መለስክልኝ። ደስታዬን አይተሃል።

ከዚያ ያ ሾርባ መጣ። ጉንፋን ይዞኝ ጣዕም አልለይም ነበርና «እኔ አበስልልሻለሁ» አልከኝ። አመንኩህ። በሳምንቱ ጡረተኛውን መምህር እየላጨሁ ሳለ አውራ ጣቴ ዘለለ። ምላጩን ከአንገታቸው አንሥቼ አስቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ፣ ግማሽ ፊታቸው አረፋ ሆኖ።

«እኔ እንጃ፤ ስንዴ የሚባል ነገር አልነካሁም» ስል አንተ ከወዲያኛው ወንበር አጨበጨብክ።

«ይኸው! ሳምንቱን ሙሉ ሾርባሽ ውስጥ ዱቄት ስጨምር ነው የከረምኩት። ሞትሽ? አልሞትሽም! ሕመምሽ ያለው ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ብቻ ቀስ ብለው፣ «ሳታውቅ ከበላች ታዲያ ለእጇ ማን ነገረው?» አሉህ። አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ።

እኔ ግን ሰማሁ። መቀሴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ክፋት አስበህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ፤ ጤነኛ መሆኔን ልታሳየኝ ፈልገህ ነው። ቢሆንም ሳልጠረጥር የምበላው ካንተ እጅ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው ያበላሸህብኝ። አሁን ከመንገዱ ማዶ ባለው ፀጉር ቤት እሠራለሁ፤ ምሳዬንም ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። «ለአንዲት ጉርሻ ምን ትሆኛለሽ?» ሲሉኝ «አንዲትም አልፈልግም» እላለሁ። ነገረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ! በእኔ ምላጭ ስር ሰው አንገቱን ሰጥቶ ዓይኑን ይጨፍናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አክስታችን ሳታስበው ያመለጣት ነገር አለ። ምላጭ መያዝ ትተሃል አሉ። «ምላጬ ሊሳል ሄዷል» እያልክ ደንበኛውን በመቀስና በቶንዶዝ ብቻ ትሸኛለህ። ማታ ባትህን ይጨብጥሃል፣ አፍህ ውስጥ እየቆሰለ ያስቸግርሃል፣ ቀበቶህ ላይም አዲስ ቀዳዳ በስተሃል። ለእሷ «የዕድሜ ነገር ነው» ብለሃታል። ወንድም ጋሼ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሐኪሟ ያኔውኑ ነግራኛለች፤ ከአንድ እናት ልጆች አንዱ ይህ በሽታ ካለበት ሌላውም መመርመር አለበት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚህ ጉዳይ ሞኟም ወረቀቷም እኔ ነኝ፤ አለቅህም። ማክሰኞ ጠዋት ቤቱን ዝጋው። በርህ ላይ እቆማለሁ፤ ወደ ውስጥ አልገባም። አብረን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። አልወጣም ካልክ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ እጮኻለሁ፤ መጮህ ደግሞ ካንተ ነው የተማርኩት። ምንም ከሌለብህ እንደ ልብህ ሳቅብኝ። ካለብህ ድስቴ ለሁለት ይበቃል፤ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ያኔ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር አደራ። ከምርመራው በፊት ስንዴ ያቆመ ሰው ደሙ እውነቱን ላይናገር ይችላል ብላ ሐኪሟ አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ይህን አንብበህ ደንግጠህ ዳቦ እንዳታቆም። ምርመራው እስኪያልቅ ብላ፤ ጠዋትም ማታም ብላ። ከዚያ በኋላ ብላ የምልህ አይመስለኝም።

ታናሽ እህትህ፣
ከመንገዱ ማዶ