ኳስ ሲቀመጥ ዝም ይባላል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
ዝናብ። እንደ ልማዱ። የልብስ ማጠቢያውን ሊሠራ የመጣው ሰውዬ ከፈታታው በኋላ «ዕቃ ይጎድለዋል» ብሎ ሄደ። ከሰዓት ጓደኛዬ ጎብኔት መጣች፣ ሻይ ጠጣን፣ ጉልበቷን አማረረች። «ታዲያ ቅዳሜ በዚህ ጉልበት ሁለት ሰዓት ልትቆሚ ነው?» ብላት «ተቀምጦ ራግቢ የሚያይ ሰው ቤቱ ይቀመጥ» አለች። ሠላሳ ዓመት በሜዳው የተመልካች ደረጃ ላይ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን መልስ አጥታ አታውቅም።
ቅዳሜ ዶናክ ይጫወታል አሉ። ትከሻው ድኗል። ደስ አለኝ... የራሴ ልጅ የዳነ ይመስል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10
ዶናክ ሞተ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ጠዋት ወንዙ ዳር ሲሮጥ ወደቀ። ልቡ ነው ይላሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ። ዶናክ ሂፈርናን፣ ኳስ መቺያችን፣ ከተማችን ሊምሪክ ከራሷ ልጆች ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሰው።
ዳቦ ቤት ሰባት ሰው ተሰልፎ ማንም አያወራም። ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ በሩ ላይ የቡድናችን ቀይ ሻርፕ ታስሯል።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ የሚቀመጠው እሱ ነበር። «እትዬ ኖሪን፣ አሁንስ ኤሊም ቀደመን» ይለኝ ነበር። የፈተና ቀን ግን ድምፁ አይሰማም። ፊቱ እንደ ወረቀት ይነጣል። በመስታወቱ አይቼው «አይዞህ ዶናክ» እለዋለሁ። ይስቃል።
ይህን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ልጻፈው።
እኛ ዘንድ መቺው ወደ ግቡ ሊመታ ኳሱን መሬት ላይ ካስቀመጠ ዝም ይባላል። የኛም ይሁን የባላጋራ። ሌላ ከተማ ያፏጫሉ፣ እኛ ዘንድ ነውር ነው። የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ እናቱ ጉያዋ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ የመጨረሻዋ ምት። ጎብኔት የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። ዶናክ ኳሱን አስቀመጠና ቀና አለ። ያ የፈተና ቀን ፊት! ሃያ ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሳለ ከአፌ አመለጠኝ። «አይዞህ ዶናክ!»
ሳተ። ተሸነፍን።
ከዚያ በኋላ ስንት ዋንጫ አምጥቷል፣ ሰው ግን ያቺን ምት አልረሳም። ማን ነው የጮኸው? መጠጥ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ... ዘጠኝ ዓመት። ጎብኔትማ «ያችን ምላስ ባገኛት» እያለች ጥርሷን ታፋጫለች። እኔም አብሬያት «ባለጌ ናት» እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12
ጨዋታው ተሰርዟል። ሬሳው እናቱ ቤት ነው ያለው። የለቀስተኛው ሰልፍ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቦታውን ጥሎ የሚሄድ የለም። ጎረቤቶች በትሪ ዳቦና ሻይ ያዞራሉ።
ሳጥኑ ክፍት ነው። ከወገቡ በታች በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል። እግሩን ማየት ነበር የፈለግኩት... ቀኝ እግሩን። ማንን ልጠይቅ?
እናቱ ፊዴልማ ወንበር ላይ ሆና የሁሉንም እጅ ትጨብጣለች። አንድም ጨዋታውን ሜዳ ገብታ አላየችም፣ አልችልም ትል ነበር። እሱ ሲጫወት ሬዲዮ ዘግታ ድንች ትልጣለች። እጇን ያዝኩ። «ፊዴልማ፣ ያን ቀን...» አልኩ። ከኋላዬ ሰው ገፋኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ አለፍኩ። ፈሪ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13
ቀበርነው። ሬሳውን የያዘው መኪና ሜዳው በር ላይ ትንሽ ቆመ። ዝም በሉ ያለ ሰው አልነበረም። ልክ ኳስ ሲቀመጥ እንደሚሆነው ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ጎብኔት ክንዴን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ናፈቀኝ። ገና ዛሬ ቀብሬው ናፈቀኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28
ለፊዴልማ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለሦስተኛ ጊዜ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10
የዶናክ የአንድ ወር መታሰቢያ ቅዳሴ። ቄሱ ስሙን ሲጠሩ ፊዴልማ ቀና አለች፣ ከበሩ የሚገባ ይመስል። አየኋት። ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
ሄድኩ።
ወጥ ቤት አስገባችኝ። ሻይ ቀዳች። አልጠጣሁም። «ፊዴልማ፣ ያን ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ሁሉንም አወራሁት፣ ሐሞት ጠጠሩን ሳይቀር።
ሰማችኝ። ከዚያ ወተቱን ወደኔ ገፋ አድርጋ «አራተኛዋ ነሽ» አለች።
«ምን?»
«እኔ ነኝ ብሎ ሲመጣ አራተኛ ሰው ነሽ። ፖስተኛው መጥቶ እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት አለቀሰ። አንዱማ ከኮርክ ከተማ ድረስ ነው የመጣው።»
«እነሱ ይዋሻሉ» አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ተናደድኩ! ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩት የኔ ነው። ከዶናክ የቀረኝ ያ ጩኸት ብቻ ነው። ፖስተኛው ምን አግብቶት?
«ምናልባት ሁላችሁም ጮኻችሁ ይሆናል» አለች።
«ዶናክስ ምን አለሽ?»
«እግሬ አዳለጠኝ ነው ያለኝ። ምንም አልሰማሁም አለ።»
ምንም አልሰማም። እፎይ ልል ይገባኝ ነበር... ለምን ከፋኝ? ድምፄን እንዲሰማው ነበር የፈለግኩት። እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።
ስወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው? አብሬሽ ልቁም» አለች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13
ለጎብኔት ነገርኳት። ለፊዴልማ ነግሮ ከሷ መደበቅ አይሆንም።
ኮቷን አላወለቀችም፣ ሻይ አልጠየቀችም። «ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ቆመሽ አብረሽኝ ስትሳደቢ?» አለች።
«አዎ።»
«መጮኽሽስ ይሁን። የጎዳኝ እኔን መዋሸትሽ ነው» ብላ ወጣች። በሩን በቀስታ ዘጋችው። ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19
ለጎብኔት ደወልኩ። አላነሳችም። ትናንትም። ሁለት ሰው አጣሁ ማለት ነው? አንዱን ሞት ወሰደው፣ አንዷን ግን ያራቅኳት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23
ዶናክ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ጨዋታችን።
ፊዴልማን ደረጃው ላይ በግራዬ አቆምኳት። የልጇን ቀይ ሻርፕ አጥብቃ ይዛ ሰዉን ታያለች። «ይኼ ሁሉ ሰው ሁልጊዜ ይመጣል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ጎብኔት መጣች፣ ፊዴልማን ሳመች፣ ከሷ ማዶ ቆመች። እኔን አላየችኝም። ሰላምታም የለ።
በሁለተኛው አጋማሽ ቅጣት ምት አገኘን። አዲሱ መቺ ኳሱን አስቀመጠ። ሜዳው ዝም አለ። ፊዴልማ ይህን ዝምታ ሰምታው አታውቅም፣ ድንች ስትልጥ ነው ያሳለፈችው። ዙሪያዋን አየች። አፏ ሲከፈት አየሁ፣ እጇን ልይዝ ስል...
«ዶናክ!»
ጮኸች። ሙሉ ድምፅ። ከማዶው ደረጃ የተሰማ ይመስለኛል።
መቺው ሳተ። በሰፊው።
ዞሮ ማን ነው ያለ አልነበረም። ከፊታችን የቆመው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ፊዴልማ አፏን በሻርፑ ያዘች።
ጎብኔት በሷ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝ። ከዐሥር ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ነው።
«ያሳተው ነፋሱ ነው» አለችኝ።
ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። «አዎ» አልኳት።