በሐሳብ ተጓዥ ስለ ተባለችው እህቴ

ለተራራው የጸደይ የእግር ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ለእርስዎም ሆነ ለመላው የኮሚቴው አባላት ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የጉልበትንና የዳሌን ጤንነት፣ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ ወግ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ በኮሚቴዎ አሠራር እግሩን ያመመው ሰው ከሰውነት ወደ ሐሳብነት የሚዛወር በመሆኑ፣ ክቡርነትዎም አንድ ቀን ደረጃ ስተው እንዳይዛወሩብን እሰጋለሁ።

የምጽፈው እትዬ ስለምላት ታላቅ እህቴ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት በየጸደዩ ወደ ተራራው መቅደስ ስትወጣ፣ ሁልጊዜ ከሰልፉ ጭራ ሆና፣ መርፌና ክር በከረጢቷ ይዛ የሰዉን የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻና የተተረተረ ጃኬት እየሰፋች ነው የተጓዘችው፤ የክቡርነትዎንም የሱሪ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ እንደተከለችልዎ፣ በአካባቢው የነበርነውም ሁሉ ድንገት ሸለቆውን ማድነቅ እንደጀመርን አይዘነጉትም ብዬ አምናለሁ። አምና ከሱቋ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ብረት ገባላት። አሁን የምትሄደው ባለ አራት እግር መደገፊያ እየገፋች ነው። መደገፊያውን «ምክትሌ» ትለዋለች፤ እሷ ከሌለች አንዲት ሥራ አይሠራምና።

ዘንድሮ ተራራውን መውጣት ትፈልጋለች። የእግር እንቅስቃሴ የምታለማምዳት ባለሙያ «ዘንድሮ ከሆነ ይሁንልሽ፣ ለከርሞው ግን ቃል አልገባልሽም» ብላታለች። ስለዚህ እትዬ ሰው ሁሉ በአራት ሰዓት የሚወጣውን መንገድ በሁለት ቀን ልትወጣው አቀደች፤ እቅዷም እንደ ኮሚቴዎ እቅድ በጭብጨባ የጸደቀ ሳይሆን በሜትር የተለካ ነው። የቤታችንን ኮሪደር በልብስ ሰፊ ሜትሯ ለክታ፣ ጧት ጧት ስንት ጊዜ ብትመላለስ ከተራራው ስንት እጅ እንደሚሆን አስልታለች። ጎረቤታችን ፖስተኛው ለሥራው ወደዚያ በወጣ ቁጥር የመንገዱን ድንጋዮች እየተቀመጠባቸው እንዲመረምርላት ለምናው፣ እሱም በታማኝነት ተቀምጦባቸው የጻፈላት ዝርዝር ደብተሯ ውስጥ አለ፦ «የመጀመሪያው ድንጋይ፣ መደገፊያ አለው። ሦስተኛው፣ ጥሩ ነው ግን ጉንዳን አለበት። ሰባተኛው፣ አይታመንም።» ከኮሚቴው የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከሰልፉ አንድ ቀን ቀድማ እንድትነሳ፣ በመንገዱ አጋማሽ ያለው ማረፊያ ቤት ቁልፍም ለዚያች አንዲት ሌሊት እንዲሰጣት።

ይህን ይዘን ወደ ቢሮዎ በመጣን ዕለት ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ተጓዦች ማመልከቻ» የሚሞላበትን ክፍል አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጉት ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጥልቅ አስተሳሰብ በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም። እትዬ አርባ ስድስቱን ደረጃ በሃምሳ ደቂቃ ወጥታ፣ ላቧን ጠርጋ፣ መሐረቧን አጣጥፋ ስታበቃ፣ ደረጃ መውጣት እንደማትችል በትሕትና ተነገራት።

ሁለተኛ፣ መዝጋቢዋ እትዬን በጨረፍታ ካየቻት በኋላ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «እኚህ እናት ራሳቸውን ይችላሉ?» ስትል ስለጠየቀችኝ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወላጅ ስናጣ እኔን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ራሴን ያስቻለችኝ ይህች ሴት ራሷን ትችል እንደሆነ ምስክር ሆኜ መጠራቴ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ክብሩ ግራ አጋባኝ መሰለኝ፣ «ትንሽ ይቸገራሉ» ብዬ መለስሁ። እትዬ ወደ እኔ ዞር አላለችም። ለመዝጋቢዋ ብቻ «ልጄ፣ ጆሮዬ እኮ አልተሰበረም፤ እኔኑ ጠይቂኝ» አለቻት። መዝጋቢዋ ግን መልሱን ከእኔ ወስዳ ጽፋው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህን በኮሚቴዎ ላይ እንደ ቅሬታ ልቆጥረው ጀምሬ፣ «ሁለተኛ» ብዬ ቁጥሩን ከጻፍሁ በኋላ ነው የማን ጥፋት እንደሆነ ያየሁት። ቁጥሩ ግን ተጽፏልና ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ቁልፉም ቀድሞ የመነሳቱም ፈቃድ ተከልክሎ በምትኩ ስለተሰጣት ባለ ማኅተም ወረቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወረቀቱ «አካላቸው ባይፈቅድላቸውም በሐሳብ ተጓዥ ሆነው ከእኛ ጋር መሆናቸውን ኮሚቴው በታላቅ አክብሮት ያረጋግጣል» ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን በምንተርትበት ቋንቋ፣ ኮሚቴዎ እንቁላሉን ሦስተኛ ፎቅ አስወጥቶ፣ ቅጽ አስሞልቶ፣ በሐሳብ እንዲሄድ ማዘዙ ለቋንቋችንም አዲስ ነገር ነው። ያልገቡኝ ጥቂት ጉዳዮች ግን አሉ። በሐሳብ የሚጓዝ ሰው ስንቅ ይዞ ነው የሚነሳው ወይስ ስንቁም በሐሳብ ነው? ሰባተኛው ድንጋይ ላይ በሐሳብ ወድቆ ቢሰበርስ ሐኪሙን ማን ይጠራለታል?

ለመሆኑ ይህን የመሰለ ሐረግ ማን አረቀቀው ብዬ ብጠይቅዎ፣ ክቡርነትዎ በጨዋነት ዝም እንደሚሉልኝ አውቃለሁ። እንግዲህ እኔው ልናገረው። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እርስዎ ተራ አባል ሳሉ፣ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርሁ። ጋሽ ጠራዥ የምንላቸው፣ ደብተርና መዝገብ በመጠረዝ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። በዚያ ጸደይ እሳቸውን ስንጠብቅ አርባ ደቂቃ ዘገየንና፣ መቅደሱ ጋ እንዲጠብቀን የጠራነው ፎቶ አንሺ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ወረደ። ሌላ ሰበብ ብፈጥር ይሻለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እኔ ለዚያ ፎቶ ብዬ እትዬ የሰፋችልኝን አዲስ ኮት ለብሼ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ስብሰባ ላይ «ሰውዬውን ሳናስቀይም እንዴት እናስቀራቸው?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ሁሉም ወደ ጸሐፊው አየ። «በሐሳብ ተጓዥ» የሚለው ሲመጣልኝ እጄን አፋተግሁ፤ ጥሩ ነገር የጻፍሁ ነበር የመሰለኝ። ወረቀቱን የወሰድሁላቸውም እኔው ነኝ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብሎልኝ አያውቅም» አሉኝና፣ ትንሽ አሰብ አድርገው «ታዲያ በስንት ሰዓት ነው የምነሳው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለኮሚቴውም ነግሬው አብረን ሳቅን። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን የተጓዦቹን መዝገብ ያለ ምንም ዋጋ አዲስ ጠርዘው ላኩልን፤ ስማቸው የሌለበትን መዝገብ። ሌላ ጸደይ ሳይደርስባቸው አረፉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኸኛው ግን ለመፈታት እንኳ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። የሰው ጉድጓድ አትማስ፣ ብትምስም አታርቀው የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ ያስተማረችኝ እትዬ ናት። እኔ አርቄ ማስሁት፤ የገባችበት ግን እሷ ናት። ጋሽ ጠራዥን ባስቀረንበት ዓመት በሰዓቱ ደርሰን የተነሳነው ፎቶ ኮሪደራችን ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ፤ ኮቱም በእውነት ያምርብኛል። እትዬ ጧት ጧት ስትለማመድ በሥሩ እየተመላለሰች ታልፋለች፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ ሆኜ የብረቱን ኮሽታ እቆጥራለሁ፤ ወጥቼ አብሬያት ለመራመድ እግሬ እሺ አይለኝም። ከሁለታችን መራመድ ያቃተው ማን እንደሆነ ኮሚቴዎ ቢያጣራው ደስ ይለኛል።

አራተኛ ቅሬታም አዘጋጅቼ ነበር። ትቼዋለሁ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በቃለ ጉባኤ የተመዘገበችው ያች ሐረግ ከነባለቤቷ እንድትሰረዝልኝ፣ ለእህቴም ቁልፉና አንድ ቀን የመቅደሙ ፈቃድ ምዝገባው ከሚዘጋበት ከዓርብ በፊት እንዲሰጣት እለምናለሁ። ደንብ ነው የሚሉኝ ከሆነ፣ ደንቡን አውቀዋለሁ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ፎቶ ምክንያት፣ በአንድ ሰው ብዕር የተጻፈ ነው። በዚያው ፍጥነት ሊቀየር ይችላል።

ኮሚቴው ለተጓዦች ድካም ያለውን ርኅራኄ፣ በተለይም ማንም እንዳይደክም ከቤቱ የሚያስቀርበትን ብልሃት እያደነቅሁ፣ ረጅም ዕድሜንና የማይናወጥ ዳሌን በድጋሚ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ኀፍረት ጋር፣
የቀድሞው የኮሚቴው ጸሐፊ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወረቀቱ «ኮሚቴው» ይላል እንጂ ያረቀቀውን ሰው ስም አይጠራም። ማታ እትዬ በካውያ አስተካክላ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ካነበበችው በኋላ «የጻፈው ሰው ግን አንደበቱ እንዴት ያምራል! እምቢ እንዳለኝ እንኳ ያወቅሁት ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ነው» አለችኝ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ አንኳኩቼ «እኔ ነኝ» ማለት አልሆነልኝም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አሁን ለጥፌዋለሁ። ክቡርነትዎን ለማሳፈር ብዬ ግልጽ ያደረግሁት ከመሰለዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎ ቢሆን ኖሮ በፖስታ እልከው ነበር። እሷ ሱቋን የምትከፍተው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።