ከጭምብሉ ኋላ የታየችው ወፍ

ጥር 8፣ ቅዳሜ

ልጄ ዛሬም አባረረችኝ። "አባዬ፣ ሄደህ ፀጉርህን ተስተካከል።" ምን ፀጉር አለኝና? ግራና ቀኝ የቀረችው እፍኝ አትሞላም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለብቻዋ ትፈልገዋለች። ለምን እንደሆነ እንጃ... ሄድኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ገና ሲያየኝ፣ "ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ያጨድነው በቀለ እንዴ?" አለኝ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሁሉም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። በኢንተርኔት ብቻ የሚታይ የድብቅ ፕሮግራም አለ አሉ። አቅራቢው ፊቱን በብየዳ ጭምብል ሸፍኗል። "በያጁ" ይሉታል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሃኪንግ ነው የሚያሳየው፤ የሰው ኮምፒውተር ሰብሮ መግባት። "ገባሁ" ይላል። የት ነው የገባው? ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም!

ሌባ ነው አልኩ።

"ሌባ አይደለም ጋሼ። መዝጊያው እንደማይዘጋ ነው የሚያሳየን" አለ አስተካካዩ።

ሰብሮ የገባ ሌባ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የብረት በር በይጃለሁ። ስለ በር ለእኔ ይነገራል?

ጥር 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፊደሉ ተንጋደደብኝ።

ፀጉር ቤት ሆነን ስናይ በያጁ አንድ ድርጅት ላይ ተነሳ። ሌባ የሚጠብቅ ካሜራ ለየቤቱ የሚሸጥ ድርጅት ነው። በዚያው ካሜራ ማንም ከውጭ ሆኖ ሳሎንህን ያይሃል አለ። አሳየም። ዘበኛው ራሱ ለሌባ በር ከፋች? ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ጉድ ጉድ ሲሉ በያጁ ዕቃ ሊያነሳ ብድግ አለ። ከኋላው ተሰቅሎ የነበረ አንሶላ ተንሸራቶ ወደቀ... ወፏ ታየች።

ቀይ የጥልፍ ወፍ። ሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ ጎን።

ባለቤቴ ልጃችንን ያረገዘች ጊዜ የጠለፈቻት ናት። አንዲት ጎረቤት በወፏ ብትስቅ ከቤቴ አስወጥቻታለሁ። ባለቤቴ ግን አልከፋትም። "ባንዱ ዓይን ልጄን፣ ባንዱ አንተን እንድታይልኝ ነው" አለች። ከሞተች ጀምሮ ከዚያ የቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ክር አላስነካሁም። ልጄ "እናውርደው አባዬ፣ ትቢያ በላው" ስትል ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ይቺን ወፍ የት ነው የማውቃት?"

ለባለቤቴ ለቅሶ የመጣ ጊዜ ከሥሯ ነበር የተቀመጠው። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የዕቃ ሳጥኔን ከፈትኩ። የብየዳ ጭምብሌ ከቦታው አለ። አሸተትኩት። ሽቶ ሽቶ ይላል። እኔ መቼ ሽቶ ተቀባሁ?

ጥር 16

ልጠይቃት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ጥር 18

ዛሬ ምሳ ላይ አፈረጥኩት።

"በር መስበር ሙያ ሆነ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። አልካደችም። የእናቷ ልጅ።

"አባዬ፣ አንተ በር ሠርተህ ስትጨርስ ምን ታደርግ ነበር?"

"በእርግጫ እመታዋለሁ።"

"ለምን?"

"መያዝ አለመያዙን ላውቅ ነዋ!"

"እኔም እሱን ነው የማደርገው።"

"እኔ የራሴን በር ነው የምመታው! የሰው አይደለም!"

አቀረቀረች። "ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አስተካክሉት ብዬ ጻፍኩላቸው። ንቀው ዝም አሉኝ። የሰው ልጆች በየቤታቸው እየታዩ እኔም ዝም ልበል?"

ሳህኔን ገፋ አደረግኩ።

ወፏ እንደታየች ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። አንሶላው የወደቀው ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ መስሏት ነበር። ድርጅቱ ካገኘኝ ያሳስረኛል አለች። "እናውርደው አባዬ። በእናቴ ሞት።"

"አይወርድም" አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? እኔስ አውቄው?

ጥር 22፣ ቅዳሜ

ፀጉር ቤት ወንበሩ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ገባ። ጫማው የሚያብረቀርቅ። ከካሜራው ድርጅት ነው። ፎቶ አውጥቶ አስተካካዩን፣ "ሰው ሁሉ አንተ ጋ ነው የሚመጣው። ይሄን ጥልፍ የት ቤት ነው ያየኸው?" አለው። የኔዋ ወፍ ናት።

አስተካካዩ ፎቶውን አየ። መስታወቱ ውስጥ እኔን አየ። "ወፍ ነው ወይስ ጫማ? እኔ እንዲህ ያለ ፍጥረት አላውቅም።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። "አባት፣ እርስዎስ?"

ፎቶውን ተቀበልኩ። የባለቤቴ እጅ... ክሯ እንኳ ይታየኛል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩ። "ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ? የጠለፈችው ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ነው እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ! ጎረቤት ያስወጣሁባትን ወፍ በገዛ አፌ አዋረድኳት። ሳቁ እንደ አሸዋ ጥርሴ ላይ ቀረ።

ሰውዬው ወጣ። አስተካካዩ ማጅራቴን እያጠራ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ "ነፍሷን ይማር ጋሼ። እጇ ወርቅ ነበር" አለኝ።

እጁን ጨበጥኩት።

ጥር 23

ማንም ሳይለምነኝ ወንበር ላይ ወጥቼ የጥልፉን ምስማር ነቀልኩ። ልጄ ወንበሩን ያዘችልኝ። ግድግዳው ላይ ጥልፉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

አላባረረችኝም። እኔም አልሄድኩም።

ጥልፉ አልጋዬ ላይ፣ ትራሴ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት አውጥቼ ወፏን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ባንድ ዓይኗ ታየኛለች። ባንዱ የት እንደምታይ አውቃለሁ።

ሃኪንግ ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ልክ ይሁን ጥፋት እንጃ። ድርጅቱ ካሜራውን ሁሉ ሰብስቦ እየጠገነ ነው አሉ። ሰውዬው ግን አሁንም ፎቶውን ይዞ ይዞራል።

ልጄ ጭምብሌን ይዛ ወፏ የነበረችበት ክፍል ገባች። በሩን ከኋላዋ ሳብኩና በእርግጫ መታሁት። ያዘ።

"አባዬ! ምንድን ነው?" አለች ከውስጥ፣ ደንግጣ።

"ምንም። ሥራሽን ሥሪ።"

ወንበሬን በሩ ላይ አስጠግቼ ተቀመጥኩ።