ከእኔ ብቻ የደበቅከው

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ክረምቱ አልፎ መስቀል መጣ። መካኒሳ ያው ነው፤ ስኳሩ በቀበሌ ራሽን፣ ሰዓት እላፊውም እንዳለ ነው። ወንድምህ ግርማ የግቢውን በር ቀለም ቀባልን። እኔ ግን አንተን ከማልቀስ ይልቅ ከአንተ ጋር መጣላት ይዣለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ሐኪም ለመሆን አንድ ወጣትነት፣ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ለመማር ቡዳፔስት ሌላ ወጣትነት ፈጀህ፤ እኔም ጎፋ እናቴ ቤት ሆኜ ጠበቅኩህ። ስትመለስ ሻንጣህን ብከፍት ቀሚስ የለ፣ ሽቶ የለ፤ በጨቅላ ጉሮሮ የሚገቡ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ብቻ። ስቄ አለፍኩህ።

ሆስፒታሉ የመተንፈሻ ማሽን ሲያጣ አባቶችን በተራ አስቀምጠህ፣ አየር የሚገፋውን የጎማ ፊኛ በእጃቸው እየጨመቁ ለልጆቻቸው እንዲያስተነፍሱ አስተማርካቸው። ልጁ የማይተርፍ ሲሆን ደግሞ ለእናትየው ራስህ ትነግራት ነበር። ነርሶቹ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ መጀመሪያ ዘመድ ይጠራ ሲሉህ ትቆጣለህ። «እናት የልጇን እጅ ይዛ ትሸኘው እንጂ ውጭ አግዳሚ ላይ አትታለል» ትለኝ ነበር። እንዴት እንደኮራሁብህ!

ታዲያ ምን ነካህ? የጉበትህን ነገር ለግርማ ነገርከው፣ ለእህትህም ነገርካት። የእድሩ ዳኛ እንኳ ያውቁ ነበር። እኔ ጨጓራ ነው ብለኸኝ ተልባ ስበጠብጥልህ ከረምኩ። ሰው ሁሉ ዓይኔን ሲሸሽ ምን በደልኳቸው እያልኩ እብሰለሰል ነበር። የሞትክ ዕለት ላፍቶ፣ ገበሬዎቹ ዘንድ ወተት ልገዛልህ ሄጄ ነበር። ባውቅ ኖሮ ከአጠገብህ ንቅንቅ እል ነበር? እህትህ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለእሷ አትንገሯት ብሎን ነው ስትለኝ እንባዬ ደረቀ። ከድተኸኛል፣ ታዴ።

አሁን ደግሞ ዘመዶቻችን ልጃችንን ምስራቅን ማታለል ያዙ። በለቅሶው ሰሞን እናቴ ዘንድ አስቀምጠዋት፣ አባትሽ እንደገና ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል አሏት። ልጅ ናት፣ አይነገራትም ይላሉ። እሷ ግን ደብዳቤ መጣ ወይ እያለች ታደርቀኛለች። በቃኝ። እኔ እንደተታለልኩ ልጄ አትታለልም ብዬ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇን ይዤ እውነቱን ነገርኳት።

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለችና «አንቺን ተሰናብቶሻል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ለአንተ ስል ልጄን ዋሸሁ። ይህን አልረሳልህም። አንተንም፣ የኔ ጌታ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳህም።

ሚስትህ